ዘጠነኛው አንቀጽና የወይዘሮ አማረች ዳጣ

የውል ጸሐፊነት ሥራ የጀመርኩት አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ወላይታ ሶዶ ከተማ፣ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቶቹ ጀርባ፣ «የሕግ ምክርና የውል ዝግጅት» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለባት አንዲት ክፍል ነበረች። ውስጧ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ ጣሪያ የሚነካ የፋይል መደርደሪያና ደንበኞች የሚቀመጡበት አግዳሚ አለ። በሕግ ዲፕሎማዬን ከያዝኩ ሦስት ወር አልሞላኝም። አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ከሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ቀድሜ ደረስኩ። የቢሮው ባለቤት ጋሽ ጴጥሮስ ግን ከእኔም ቀድመው ገብተው ፋይል ያገላብጡ ነበር።

ጋሽ ጴጥሮስ የጥብቅና ፈቃድ ከማውጣታቸው በፊት ረጅም ዓመት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ነበሩ። በተበላሸ ውል የተነሳ የሚመጣውን ክስ ሁሉ በእጃቸው ሲመዘግቡ ስለኖሩ፣ ውል የት ጋ እንደሚበላሽ ያውቃሉ። ቀጭን፣ ድምፃቸውን የማያነሱ ሰው ናቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽማግሌ ስለነበሩ ከዚያም በመልክ አውቃቸው ነበር።

«ለአንድ ወር ኮምፒውተር አትነካም» አሉኝ። «ታነባለህ፣ ትሰማለህ።»

የዚያን ቀን የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ተበላ ከምትባለው ከተማ የመጡ አከራይና ተከራይ ነበሩ። የግቢ ኪራይ ውል ነው፤ አራት ገጽ። ቆሜ እንደ ዜና አንባቢ አነበብኩት። ስጨርስ ጋሽ ጴጥሮስ ተከራዩን ምን እንደተነበበላቸው ጠየቋቸው። ሰውየው ትንሽ አሰቡና ልጁ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ደህና አድርጎ አንብቧል አሉ። ጋሽ ጴጥሮስ ግን አልሳቁም። «አሁን በወላይትኛ ንገራቸው» አሉኝ። «ከዚያ እሳቸው ለአንተ መልሰው ይንገሩህ።»

ነገርኳቸው። ተከራዩ መልሰው ሲነግሩኝ፣ ግቢው ውስጥ ያለው የውኃ ጉድጓድ የኪራዩ አካል መስሏቸው እንደነበር ታወቀ። አከራዩ ደግሞ ጉድጓዱን ለከብቶቻቸው አስቀርተውታል። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጉድጓዱን የሚመለከት አንድ መስመር ተጨመረ፣ እንደገና ተነበበ፣ ተፈረመ። ውሉን ያረመው እኔ ያነበብኩበት አማርኛ ሳይሆን ተከራዩ መልሰው የተናገሩት ወላይትኛ ነበር።

የቢሮው ደንብ ይህ ነው። እዚህ ከተማ አማርኛ የቢሮና የገበያ ቋንቋ ነው። ብዙ ሰው ይግባባበታል፤ ቤቱ ገብቶ የሚያስበው ግን በወላይትኛ ነው። አንድ ሰው «ገብቶኛል» ካለ ጨዋነት ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ጋሽ ጴጥሮስ የሚቀበሉት ማስረጃ ሰውየው አንቀጹን በራሱ አፍ መልሶ ሲናገር ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት የተማርኩት አብዛኛው ነገር ጥቃቅን ነው። የተዋዋዮችን ስም ከመታወቂያቸው ፊደል በፊደል መገልበጥ። ባዶ ቦታ ሲተርፍ ሰረዝ ማስመር። በየገጹ ማስፈረም፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ ብቻ አለማስፈረም። መፈረም የማይችል ሰው አሻራ ሲያደርግ ቀለሙን ቀጭን አድርጎ መቀባት፤ ከበዛ የጣቱ መስመር ይጠፋል። ምስክር ሲቆጠር የአንዱን ወገን ዘመዶች ብቻ አለመደርደር። ሕጉ በጽሑፍና በመዝጋቢ ፊት ይሁን ያለውን ሰነድ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ መላክ፣ ያላለውን ደግሞ ደንበኛውን በከንቱ አለማንከራተት።

ትልልቆቹ ነገሮች አራት ናቸው፤ ሕግ የምትማሩ ልጆች በመጽሐፍ ታገኟቸዋላችሁ። የተዋዋዮቹ ችሎታ፣ ፈቃዳቸው፣ የሚዋዋሉበት ጉዳይ የታወቀ፣ የሚቻልና ሕጋዊ መሆኑ፣ ሕግ ካዘዘም የውሉ ፎርም። እኔ ኮሌጅ ውስጥ በቃሌ አጥንቻቸው ነበር። ጋሽ ጴጥሮስ ግን ሰው በገባ ቁጥር አንዱን እየመዘዙ ያሳዩኝ ነበር።

አንድ ሰው ከቤሌ መጡ። የወፍጮ ቤታቸውን ሊሸጡ ነው፤ ገዢውንም ይዘውት መጥተዋል። ጋሽ ጴጥሮስ ባለቤታቸው የት እንዳሉ ጠየቁ። ሰውየው ወፍጮው የእኔ ነው፣ የገዛሁትም እኔ ነኝ አሉ። ወፍጮው በትዳር ውስጥ የተገዛ መሆኑ ሲታወቅ ጋሽ ጴጥሮስ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ሰውየው ተቆጥተው ወጡ። በሦስተኛው ቀን ከባለቤታቸው ጋር በአውቶቡስ ተመልሰው መጡ። ሴትየዋ ሽያጩን አልተቃወሙም፤ የሞተሩን መለዋወጫ ማን እንደሚወስድ ግን ውሉ ውስጥ እንዲገባ ፈለጉ። ባልየው መለዋወጫ መኖሩን ረስተውት ነበር።

ሌላ ጊዜ አንድ ነጋዴ አንድ ቅል ቅቤ ይዞ ገባ። ከባልንጀራው ጋር ያላቸውን የሽርክና ውል እንድናዘጋጅለት ፈልጎ ነው። ቅቤውን እኔ ተቀብዬ መደርደሪያው ሥር አስቀመጥኩት። ጋሽ ጴጥሮስ አዩት። ባልንጀራውም ሲመጣ ቅሉን አንስተው በሁለቱ መካከል ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ይህን እሱ አምጥቶልናል» አሉት። «ውሉን የምንጽፈው ለሁለታችሁ ነው። ስለዚህ ይመለስ፣ ወይም ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ።» ነጋዴው አፈረ፣ ቅቤውንም መልሶ ወሰደ። ውሉን ግን እኛ ጋ አጻፉ፣ ከዚያ በኋላም ሁለቱም ሌላ ቢሮ ሄደው አያውቁም።

እንዲህ እያለ አምስተኛ ዓመቴ መጣ። አሁን ኮምፒውተሩ የእኔ ነው። ብዙ ደንበኞች ሳሙኤል ብለው በስሜ ይጠሩኛል። ልነግራችሁ የፈለግሁት ነገር የደረሰው ያን ጊዜ ነው።

ወይዘሮ አማረች ሶዶ ገበያ ውስጥ ዳጣ ይሸጡ ነበር። ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ተፈጭቶ ከሥጋ ጋር የሚቀርበው የእኛ አገር ማባያ ማለቴ ነው። ዝንጅብሉን ከቦምቤ ያስመጣሉ፤ ቃሪያውን ራሳቸው አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ በድንጋይ እንጂ በማሽን አያስፈጩም። የከተማው ሥጋ ቤቶች «የአማረች ዳጣ አለን» እያሉ ደንበኛ ይጠሩ ነበር። ስሙን በንግድ ጽሕፈት ቤት ሲያስመዘግቡ ማመልከቻቸውን የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ።

ሐጂ ከድር ደግሞ የስኳር፣ የዘይትና የሳሙና ጅምላ ነጋዴ ናቸው። አያታቸው ከስልጤ መጥተው እዚህ የከፈቱትን መደብር አባታቸው አስፋፍተው ለእሳቸው አውርሰዋል። ወላይትኛ ይከራከሩበታል፣ ይቀልዱበታል። እኚህ ሰው ዳጣውን በትንንሽ ጠርሙስ አሽገው ሐዋሳና አዲስ አበባ ድረስ ለማከፋፈል አሰቡ። ጠርሙሱ፣ ወረቀቱና መጓጓዣው ከእሳቸው፣ ዳጣው ከወይዘሮ አማረች። ጥሩ ሐሳብ ነበር።

ሁለቱ አንድ ዓርብ ጠዋት አብረው መጡ፤ ውሉ እንዲጻፍ የጠየቁት ሐጂ ናቸው። ጋሽ ጴጥሮስ ለክርክር ተበላ ሄደዋል። ደውዬ ብጠይቃቸው እስክመጣ አቆያቸው እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አልደወልኩም። እሳቸው ሳይኖሩ አንድ ትልቅ ውል ጽፌ፣ ተፈርሞ ፋይል ውስጥ ገብቶ እንዲያገኙት ፈለግሁ።

ኮምፒውተሩ ላይ ከሌላ ቦታ የተገኘ የአከፋፋይነት ውል ነበረን። ሁለት ኩባንያዎች በየጠበቆቻቸው ተደራድረው የተዋዋሉት ነው። እሱን ከፈትኩና ስሙን፣ ዕቃውንና ቦታውን ቀየርኩ። ዘጠነኛው አንቀጽ እንዲህ ይል ነበር፦ ውሉ በማናቸውም ምክንያት ቢቋረጥ የንግድ ስሙ ለአከፋፋዩ ይተላለፋል፤ አምራቿም ለአሥር ዓመት ተመሳሳይ ምርት በራሷም ሆነ በሌላ ሰው ስም ማምረትም ሆነ መሸጥ አትችልም። አላየሁትም ብል ውሸት ነው። አይቼዋለሁ። ጠንከር ያለ፣ የትልቅ ቢሮ አንቀጽ መሰለኝና ተውኩት።

ሐጂ ከድር የጁምዓ ሰዓት እየደረሰባቸው ነው። ወይዘሮ አማረች መደባቸውን ለጎረቤት አደራ ብለው መጥተዋል። ውሉን በአማርኛ ቶሎ ቶሎ አነበብኩ። ለወይዘሮ አማረች በወላይትኛ ስለ ዕቃ አቀራረብ፣ ስለ ስምና ስለ መለያየት የሚናገር ነው ብዬ አጠር አድርጌ ነገርኳቸው። ገብቶዎታል ወይ አልኳቸው። ገብቶኛል አሉ። ሁለቱም በየገጹ ፈረሙ፤ ሁለት ምስክሮችም ፈረሙ። ማኅተሙን መታሁ።

ጋሽ ጴጥሮስ እሳቸው በሌሉበት ቀን የተሠራውን ቅጂ ሁሉ የማንበብ ልማድ ነበራቸው። ቅዳሜ ጠዋት የዳጣውን ውል አነበቡ። አንድ ገጽ ላይ ቆዩ። ከዚያ ቀና ብለው «መልሰው ነገሩህ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ዘጠነኛውንም?»

«አዎ።»

ሌላ ነገር አልጠየቁኝም። ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ መልሰው ቦታው አኖሩት። ተጠራጥረው ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቃሌን ተቀብለው ወደ ሌላ ሥራ ማለፋቸው ቀኑን ሙሉ ከበደኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወይዘሮ አማረች በር ላይ ጠብቀውኝ ኖሯል። ቢጫ ክዳን ባለው ጠርሙስ የታሸገ ዳጣ ሰጡኝ፤ ለሙከራ የተሠራ የመጀመሪያው ነው። ውሉ ስላለቀላቸው ደስ ብሏቸዋል። ለልጆቻቸው እንኳ ነግረዋል። ከዚያ በወላይትኛ እንዲህ አሉኝ፦ «ሐጂ ጥሩ ሰው ናቸው። ደግሞም ነገ ባንስማማ ምን ቸገረኝ፣ ወደ መደቤ ተመልሼ ዳጣዬን እሸጣለሁ። ይህን አስቤ ነው የፈረምኩት።»

ጠርሙሱን ይዤ ቆምኩ። የፈረሙት ውል የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ምናልባት ምንም ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት ሁለቱ ዕድሜ ልካቸውን ተስማምተው ይሠራሉ። ግን እኚህ ሴት ሌላ ሙያ የላቸውም። ሁለት ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ መደብ ላይ ቆመው ነው። ያን መደብ እኔ ከሌላ ሰው ውል በገለበጥኩት ሦስት መስመር አስይዤዋለሁ።

ቤቴ አልሄድኩም። በቀጥታ ጋሽ ጴጥሮስ ቤት ሄድኩ። ጓሮ ውስጥ የደረቀ የእንሰት ቅጠል እየቆረጡ ነበር። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አንቀጹን፣ ጥድፊያዬን፣ ቅዳሜ ዕለት «አዎ» ያልኩትን። ቢላዋቸውን ሳያስቀምጡ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ውሉን እናርመዋለን» አሉ። «ሰው ሳይገባው በስህተት የፈረመው ውል እንዲፈርስ ሕጉ መንገድ አለው። ለእኔ ያልከውን ‹አዎ› ግን እኔ ላርምልህ አልችልም። እሱን የምታርመው አንተ ነህ፣ ጊዜ ይወስዳል።»

መጀመሪያ ወደ ወይዘሮ አማረች እንሂድ አልኩ። እምቢ አሉ። ውሉን እንድንጽፍ የጠየቁን ሐጂ ከድር ናቸው። ደንበኛችን ሳይሰማ ከጀርባው ሄደን ሌላውን ወገን ብናስጠነቅቅ ሁለተኛ ጥፋት ነው አሉኝ። ለሐጂ ፊት ለፊት ይነገራል፤ የሚናገረውም አንቀጹን የጻፈው ሰው ነው። ይህን የሙያ ሥነ ምግባር የሚባለውን ነገር ስንት ገጽ አንብቤበት ነበር። እንዲህ ቅደም ተከተል እንዳለው የገባኝ ግን ያን ቀን ጓሮ ውስጥ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሐጂ ከድር መደብር ገባን። የስኳር ጆንያ መሃል ወንበር አስመጡልን። ጋሽ ጴጥሮስ «ሳሙኤል የሚነግርዎት ነገር አለ» ብለው ለእኔ ተዉልኝ። ነገርኳቸው። ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው የራሳቸውን ቅጂ ከመሳቢያ አወጡና ዘጠነኛውን አንቀጽ ቀስ ብለው አነበቡ።

«ይህን ዓርብ ዕለትም አይቼዋለሁ» አሉ። «ደስ ብሎኝ ነበር። ጠርሙስ በመኪና አስጭኜ፣ በየከተማው ደንበኛ አፍርቼ፣ ነገ ትታኝ ብትሄድ የሚጠብቀኝ አንቀጽ ነው ብዬ።»

ጋሽ ጴጥሮስ ስጋቱ ተገቢ ነው አሉ። ሐጂ ውሉን አጠፉት፣ እንደገና ዘረጉት። ፊርማ አላቸው፣ ምስክር አላቸው፣ ማኅተም አላቸው። ሂዱልኝ ቢሉን ሄደን ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረብን። ያ ደግሞ ወይዘሮ አማረችን ፍርድ ቤት ማቆም ነው። ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። እሷ ይህን አውቃ ነው የፈረመችው?»

«አላወቁም» አልኩ። «እኔም አላስረዳኋቸውም።»

«እንግዲያው እጄ ላይ ያለው ውል አይደለም» አሉ። «ወረቀት ነው።» ተነሥተው ኮታቸውን ለበሱ። ወደ ገበያ እንሂድ አሉን።

ብዙ የተማሩ ሰዎች አይቻለሁ። ሕጉን ከእኔ በተሻለ የሚያውቁ ጠበቆችና ዳኞች አውቃለሁ። የውልን መሠረት እንደዚያን ጠዋት በአንድ ጥያቄ ሲያገኘው ያየሁት ሰው ግን አንድ ስኳር ነጋዴ ነው።

ወይዘሮ አማረች ሦስታችንን አብረን ሲያዩ ደነገጡ። መደቡን ለጎረቤት ትተው ከገበያው ጠርዝ ባለች ሻይ ቤት ተቀመጥን። ውሉን ከአንድ እስከ መጨረሻው በወላይትኛ ነገርኳቸው፤ አንቀጽ በአንቀጽ። እሳቸውም እየመለሱ ነገሩኝ። እስከ ስምንተኛው ድረስ በትክክል መለሱት። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ ጀመሩትና ቆሙ። አሥር ዓመት የሚለውን እንደገና እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

ከዚያ የተናገሩት ለሐጂ ሳይሆን ለእኔ ነው።

«የፈረምኩት ወረቀቱን አምኜ አይደለም» አሉ። «ማንበብማ አልችልም። አንተን አምኜ ነው።»

ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ይቅርታውን ተቀበልኩም፣ አልተቀበልኩምም አላሉ። ፊታቸውን ወደ ሐጂ መልሰው ሥራ ጀመሩ።

ሥራ ጀመሩ ያልኩት በእርግጥም እንደዚያ ስለነበር ነው። ጋሽ ጴጥሮስና እኔ ልናዝንላቸው ተዘጋጅተን ነበር። እሳቸው ግን ድርድር ከፈቱ። ውሉ ይፍረስ አላሉም። ስሙ የእኔ ነው፣ እኔ ጋ ይቆያል አሉ። ሶዶ ገበያ ያለው መደብ እንደ ድሮው ይቀጥላል፤ ከዞኑ ውጭ ያለውን ሁሉ ሐጂ ብቻቸውን ያከፋፍሉ፤ ውሉ እስካለ ድረስ ለሌላ አከፋፋይ አልሰጥም አሉ። ሐጂ የፈሩት እንዲህ አድርጎ ተመለሰላቸው። ከዚያ ወይዘሮ አማረች ማንም ያላሰበውን አንድ ነገር ጨመሩ። በስሜ የታሸገ ዳጣ ሁሉ ከመውጣቱ በፊት ቀምሼ አየዋለሁ፤ አይወጣም ካልኩ አይወጣም አሉ።

ሐጂ ይህ ከበድ አላቸው። መኪና ተጭኖ ቆሞስ ቢሆን አሉ። ቆሞም ቢሆን አሉ ወይዘሮ አማረች። ሐጂ ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ።

አዲሱን ውል ያን ዕለት ከሰዓት ጻፍነው። ከየትም አልገለበጥኩም። ወይዘሮ አማረች ሁሉንም አንቀጽ መልሰው ነገሩን። ከዚያ ጋሽ ጴጥሮስ ሐጂም መልሰው እንዲነግሩን ጠየቁ። ሐጂ እኔማ አማርኛ አነባለሁ ብለው ሳቁ፤ ጋሽ ጴጥሮስ ግን ጠበቁ። ሐጂ ጀመሩ፤ ስለ መቅመሱ የሚናገረውን አንቀጽ ዘለሉት። ወይዘሮ አማረች አስታወሷቸው። ሁላችንም ሳቅን። ተፈረመ። የድሮውን ውል ቅጂዎች ሁሉ ሰብስበን በተዋዋዮቹ ስምምነት የተሰረዘ መሆኑን ጽፈንበት አስፈረምን።

ጋሽ ጴጥሮስ አላባረሩኝም። ለስድስት ወር ግን ወደ አግዳሚው መለሱኝ። ኮምፒውተሩን እሳቸው ያዙ፤ እኔ አነባለሁ፣ አዳምጣለሁ። ደንበኞች ምን ሆነህ ነው እያሉ ይጠይቁኝ ነበር። ውል አበላሽቼ ነው እላቸው ነበር። አንዳንዶቹ የማሾፍ ይመስላቸዋል። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ጋሽ ጴጥሮስ አንድ ጠዋት የኮምፒውተሩን ወንበር ለቀው ወደ ራሳቸው ጠረጴዛ ሄዱ።

የመቅመሱ አንቀጽ አንድ ጊዜ ተፈትኗል። በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ በረታና ቃሪያው እርጥበት ይዞ መጣ። አንድ ጭነት ታሽጎ፣ ወረቀት ተለጥፎበት ሐጂ መጋዘን ደርሶ ነበር። ወይዘሮ አማረች ከሦስት ካርቶን አንድ አንድ ጠርሙስ ከፍተው ቀመሱና ይህ አይወጣም አሉ። እኔ እዚያ የነበርኩት ለሌላ ጉዳይ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ እኔ ቀምሼው ምንም አላገኘሁበትም። ሐጂ ግን ጭነቱን አስቀሩ፤ በስህተት ሳይቀመስ ቀድሞ የወጣም ስለነበር ሻሸመኔ ደውለው ከሱቆች መደርደሪያ አስወረዱ። አልተከራከሩም። ውሉን አምጡልኝ አላሉም። በኋላ ለምን እንዳልተከራከሩ ስጠይቃቸው፣ እንድትቀምስ የተስማማሁት ዳጣውን እንድታሞግስ ብቻ ነው እንዴ ብለው መለሱልኝ።

ሁለቱ ብዙ ዓመት አብረው ሠሩ። ሐጂ ጤናቸው ሲደክምና ልጆቻቸው ሌላ ንግድ ሲመርጡ ውሉ በስምምነት አለቀ። የማቋረጫውን ሰነድ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ገጽ ብቻ ነው። ወይዘሮ አማረች ወደ መደባቸው አልተመለሱም። ስማቸውን ይዘው ስድስት ሴቶች ቀጥረው የራሳቸውን ማሸጊያ ከፈቱ። ሐጂ በምርቃቱ ቀን መጥተው የደንበኞቻቸውን ስልክ የያዘ ደብተር በስጦታ ሰጧቸው። ይህን የሚያዝ አንቀጽ በውሉ ውስጥ አልነበረም።

ጋሽ ጴጥሮስ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ፈተናውን አልፌ የጥብቅና ፈቃዴን ሳወጣ ቢሮውን ለእኔ ለቀቁ። በየዓመቱ ከኮሌጅ የንግድ ሕግና ሥነ ምግባር የሚማሩ ተማሪዎች ለልምምድ ይላኩልኛል። ብዙዎቹ ሕግ አንድ ነገር፣ ሥነ ምግባር ሌላ ነገር አድርገው ነው ተምረው የሚመጡት፤ አንዱ የሚያስቀጣ፣ ሌላው የሚያስመሰግን። እኔም እንደዚያ ነበር የተማርኩት። አብሬያቸው የሠራኋቸውን ሰዎች ሳስታውስ ግን ልዩነቱን ያን ያህል አላየውም። ሐጂ ከድር «አውቃ ነው የፈረመችው?» ብለው ሲጠይቁ የጠየቁት የሕግ ጥያቄ ነው። የጠየቁት ግን መልሱ እንደሚጎዳቸው እያወቁ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ የኪራይ ውል ስታዘጋጅ የአከራዩን ስም ከተከራዩ ጋር አቀያይራ ጻፈች፤ ሰዎቹም ፈርመው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ መጥታ ነገረችኝ። ሰዎቹን ስልክ ደውለን አስመጣናቸው፣ በሃያ ደቂቃ ተስተካከለ። በልምምድ ማጠቃለያዋ ላይ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠኋት። ኮሌጁ ምክንያቱን ሲጠይቀኝ ስህተቷን በዚያው ቀን ስለነገረችኝ ነው ብዬ ጻፍኩ።

በሃያ ምናምን ዓመት ሥራ ያገኘሁት ትምህርት ይኸው ነው። በሙያችሁ ስትሳሳቱ ለደንበኛችሁ ራሳችሁ ንገሩ፣ የሰነዱ ቀለም ሳይደርቅ ንገሩ። ያን ጊዜ ስህተቱን የሚያርሙት ሻይ ቤት የሚቀመጡ አራት ሰዎች ናቸው። ከዘገየ የሚያርመው ፍርድ ቤት ነው።